ለአረጋዊ ወላጅ መኖሪያ ሲመረጥ፦ ከክፍሉ በፊት ውሉን፣ ከዛሬው ክፍያ በፊት የነገውን

አንድ ቤተሰብ ለአረጋዊ ወላጁ ወይም ዘመዱ እገዛ የሚሰጥ መኖሪያ መፈለግ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ አስቦበትና ተዘጋጅቶበት አይደለም። እናት ወድቀው ዳሌያቸው ይሰበራል፣ ወይም አባት በስትሮክ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ከቀናት በኋላ ሐኪሙ ከሆስፒታል መውጣት እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ልጆች በስልክ ይመካከራሉ፣ ክፍት ክፍል ያለው ተቋም የትኛው እንደሆነ ይጠያየቃሉ፣ አንድ ሁለት ቦታ ሄደው ያያሉ፣ የወሩን ክፍያ ከጡረታው ጋር ያስተያያሉ፣ ከዚያም ይፈርማሉ። ለብዙ ሰው ከቤት ግዢ ቀጥሎ የሕይወቱ ትልቁ ወጪ ሊሆን የሚችለው ነገር እንዲህ ባለ ጥድፊያ ይወሰናል።

ጥድፊያው የሚያስከትለው ስሕተት በየአገሩ ይመሳሰላል። ቤተሰቡ ሕንፃዎችንና የመግቢያ ዋጋዎችን ሲያወዳድር ይሰነብትና፣ በእጁ የሚቀረውን ውል ግን በመጨረሻው ቀን፣ ያውም ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ብዕር ከተሰጠው በኋላ ያየዋል። በዚያ ውል ውስጥ የአዛውንቱን ቀጣይ ዓመታት የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የሚያስፈልጋቸው እገዛ ሲጨምር ክፍያው እንዴት እንደሚጨምር፣ ሁለተኛው ደግሞ ተቋሙ በምን ምክንያት ውጡልኝ ሊላቸው እንደሚችል ነው። ሁለቱም ለምን እንዲህ አሳሳቢ እንደሆኑ ለመረዳት የዚህን ዓይነት መኖሪያ አነሳስ ማየት ይጠቅማል።

በተለምዶ አሲስትድ ሊቪንግ የሚባለው መኖሪያ በራስ ቤት ከመኖርና ነርሲንግ ሆም (ነርሶች ሌት ተቀን የሚከታተሉበት የእንክብካቤ ተቋም) ከመግባት መካከል ያለ ነው። አዛውንቱ የራሳቸው ክፍል ወይም አነስተኛ አፓርታማ አላቸው፤ ምግብ ይቀርባል፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል፣ በመታጠብና በመልበስ የሚያግዝ ሰው አለ፣ ሌሊት ደወል ቢነካ መልስ የሚሰጥ ይገኛል። ሐሳቡ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ሲሆን፣ ከጀማሪዎቹ ዋነኛዋ ኬረን ብራውን ዊልሰን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዊልሰን እናት ገና በ55 ዓመታቸው በስትሮክ ተመትተው ነርሲንግ ሆም ገብተው ነበር፤ እናት ከልጃቸው የፈለጉት ደግሞ በሩ የሚቆለፍ የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው ዕቃና መቼ ተኝተው መቼ እንደሚነሡ የመወሰን መብት ያለበት ቦታ ነበር። ከዚህ የተነሣው መኖሪያ ሆን ተብሎ ሆስፒታል እንዳይመስል ተደርጎ ተሠራ። አረጋዊው ታካሚ መሆናቸው ቀርቶ ተከራይ ሆኑ።

ይህ ትልቅ መሻሻል ነበር፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ታካሚ የሆነ ሰው የጤና መድን ሊከፍልለት ይችላል፣ ተከራይ የሆነ ሰው ኪራዩን ራሱ ይከፍላል። ታካሚን ሁኔታው ሲከፋ ማስወጣት ይከብዳል፣ ተከራይን ግን ውሉ በሚፈቅደው መሠረት ማሰናበት ይቻላል። መኖሪያውን ሰው የሚመኘው ቦታ ያደረገው ጠባይ ራሱ ከፋይ አሳጥቶታል፣ ነዋሪውንም ለስንብት አጋልጦታል። ቤተሰቦች ከገቡበት በኋላ «ይህንን ማንም አልነገረን» የሚሉት አብዛኛው ነገር ከዚህ ምንጭ የሚቀዳ ነው።

ምርጫው መጀመር ያለበት ከተቋማቱ ሳይሆን ከአዛውንቱ ሁኔታ ነው። ለዚህ ባለሙያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጠቀሙባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው በ1963 ያሳተሙት መለኪያ ስድስት መሠረታዊ ተግባራትን ይመለከታል፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እና መመገብ ናቸው። ላውተንና ብሮዲ በ1969 ያወጡት ሌላው መለኪያ ደግሞ ከዚህ ረቀቅ ያሉ ስምንት ተግባራትን ይይዛል፤ ስልክ መጠቀምን፣ መገበያየትን፣ ምግብ ማዘጋጀትን፣ ቤት መያዝን፣ ልብስ ማጠብን፣ መጓጓዝን፣ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድንና ገንዘብ ማስተዳደርን። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚደክሙት የኋለኞቹ ናቸው። ያልተከፈተ የባንክ ደብዳቤ ሲከማች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ከሚጠበቀው በላይ ሞልቶ ሲገኝ፣ የአዛውንቱ አቅም መቀነስ ከመጀመሪያው መውደቅ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ራሱን አሳይቶ ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ተግባራት አንድ በአንድ ጽፎ በእያንዳንዱ ፊት «ያለ እገዛ»፣ «በመጠነኛ እገዛ» ወይም «ጭራሽ አይችሉም» ብሎ መመደብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ልጆች ግን በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። ርቆ የሚኖረው ልጅ በስልክ የሚሰማው ድምፅ ደህና ስለሆነ ሁኔታውን ያቃልለዋል፣ አጠገብ ያለው ደግሞ ደክሞታልና ያከብደዋል። ስለዚህ ግምገማውን ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ ሰው፣ ነርስ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ቢሠራው ይሻላል። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት የሌሊቱ ነገር ነው። አንድ ሰው ቀን ቀን ሦስት ሰዓት እገዛ የሚፈልግ መሆኑና በሌሊት ሦስት ጊዜ የሚያነሣው ሰው የሚፈልግ መሆኑ በወጪም በተቋም ምርጫም ፍጹም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

የሕመሙ ዓይነትም መታየት አለበት። ከስብራት በማገገም ላይ ያሉ ሰው ፍላጎታቸው በጊዜ ሊቀንስ ይችላል፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰው ፍላጎት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከ55 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። እንዲህ ላለ ዘመድ ቦታ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ተቋሙ የመርሳት በሽታ ክፍል እንዳለው ብቻ ሳይሆን፣ አዛውንቱ ወደዚያ ክፍል እንዲዛወሩ የሚወስነው ማን እንደሆነና ክፍያው በዚያን ቀን ምን ያህል እንደሚዘል ከመጀመሪያው መጠየቅ አለበት።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ተቋማት ዋጋቸውን የሚነግሩበት መንገድ ለንጽጽር የተመቸ አይደለም። የተለመደው አሠራር መነሻ ክፍያና የእንክብካቤ ክፍያ ተለያይተው የሚጠየቁበት ነው። መነሻ ክፍያው ክፍሉን፣ ምግቡንና ጽዳቱን ይሸፍናል፤ በማስታወቂያ ላይ የሚወጣውም እርሱ ነው። የእንክብካቤ ክፍያው ደግሞ ተቋሙ ራሱ ባደረገው ግምገማ ላይ ተመሥርቶ በደረጃ ወይም በነጥብ ይተመናል። አንዳንዱ ተቋም ሁሉንም በአንድ ዋጋ ያጠቃልላል፣ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት ማቀበልን፣ ወደ ምግብ አዳራሽ ማጀብን፣ ዳይፐር መቀየርን እያንዳንዱን ለብቻው ያስከፍላል። በመግቢያ ላይ የሚከፈል፣ የማይመለስ ገንዘብም ሊኖር ይችላል። ሁለት ተቋማትን በመነሻ ክፍያቸው አወዳድሮ ርካሹን መምረጥ፣ ግምገማው ከተደረገ በኋላ ውዱን መርጦ መገኘት ሊሆን ይችላል።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለማሳያ ያህል፣ የመነሻ ክፍያውን 100፣ የመጀመሪያውን የእንክብካቤ ደረጃ ደግሞ 10 ብለን እንውሰድ፤ ድምሩ 110 ነው። አዛውንቷ ጡረታና ሌላ ገቢ ተደምሮ 80 አላቸው እንበል፤ ስለዚህ ከቁጠባ ወይም ከልጆች የሚሞላው 30 ይሆናል። ተቋሙ ዋጋውን በየዓመቱ በ6 በመቶ ይጨምራል፣ ጡረታው በ2 በመቶ ያድጋል፣ በአምስተኛው ዓመት ላይ ደግሞ አዛውንቷ በመግቢያ ጊዜ ዋጋ 40 ወደ ነበረው የእንክብካቤ ደረጃ ደርሰዋል ብለን እናስብ። በዚያን ዓመት መነሻ ክፍያው ወደ 126፣ የእንክብካቤው ወደ 50 ከፍ ብሎ ድምሩ 177 ገደማ ይሆናል፤ ገቢያቸው ግን ከ87 አይበልጥም። የሚሞላው ጉድለት 90 ነው። ጠቅላላ ክፍያው ያደገው በ60 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ከኪስ የሚወጣው ሦስት እጥፍ ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት «ይህንንማ እንችላለን» ያሉ ልጆች በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት የሚቸገሩት አባካኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ያሰሉት የመጀመሪያውን ዓመት ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተቋም መጠየቅ ያለበት ዋነኛ ሰነድ የሁሉም የእንክብካቤ ደረጃዎች ዋጋ ዝርዝር ነው፤ ዛሬ አዛውንቱ የተመደቡበት ደረጃ ብቻ አይበቃም። ከእርሱ ጋር ያለፉት ጥቂት ዓመታት የዋጋ ጭማሪ በመቶኛ፣ ጭማሪው ስንት ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ እንደሚገለጽ፣ ግምገማው በየስንት ጊዜው እንደሚደገምና ቤተሰቡ በግምገማው ካልተስማማ ለማን አቤት እንደሚል መጠየቅ ይገባል። የደረጃውን ዋጋ የሚወስነው አካልና ደረጃውን የሚመድበው አካል አንድ በሆኑበት አሠራር ውስጥ ይህ ጥያቄ ጥርጣሬ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ዝርዝሩን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያቅማማ ተቋም ካለ፣ በእኔ አስተያየት ሌላ ምክንያት መፈለግ ሳያስፈልግ ሊታለፍ ይችላል።

ከውሉ ውስጥ ሁለተኛው ከባድ ክፍል ስለ መውጣት የሚናገረው ነው። ብዙ ውሎች ተቋሙ «ፍላጎታቸውን ማሟላት ካልቻለ» ነዋሪውን ሊያስወጣ እንደሚችል ይደነግጋሉ። ቃሉ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሲተገበር ግን አዛውንቱን ከአልጋ ለማንሣት ሁለት ሰው ሲያስፈልግ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲያሻ፣ በሌሊት መንከራተት ሲጀምሩ፣ ወይም ገንዘባቸው ሲያልቅ ማለት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ማድረግ ያለበት እነዚህን ሁኔታዎች አንድ በአንድ እየጠሩ «ይህ ቢሆን ያቆዩዋቸዋል?» ብሎ መጠየቅና መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን ማድረግ ነው። አዛውንቱ ሆስፒታል ገብተው ሲቆዩ ክፍሉ ስንት ቀን እንደሚጠበቅላቸው፣ በእነዚያ ቀናትም ሙሉ ክፍያ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ነዋሪው ሲሞቱ ክፍያው የሚቆመው በዚያው ቀን ይሁን ዕቃው ከወጣ በኋላ አብሮ መታየት ያለበት ነው። ለመጠየቅ የሚከብዱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ሳይጠየቁ ቀርተው በኀዘን ማግሥት ሲነሡ ይበልጥ ይከብዳሉ።

በፊርማው ቦታ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጅ ለወላጁ ሲፈርም በወላጁ ስም፣ በውክልና፣ ከወላጁ ገንዘብ ለመክፈል መፈረሙና በራሱ ስም ዋስ ሆኖ መፈረሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በውሉ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ሊለያቸው ይችላል። በአሜሪካ የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነርሲንግ ሆሞች ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አድርገው ከቤተሰብ የግል ዋስትና እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ ይሁንና አሲስትድ ሊቪንግ የሚተዳደረው በየግዛቱ ሕግ ስለሆነ ይህ ጥበቃ በቀጥታ አይደርሰውም። በሌላ በኩል ሕግ ራሱ ልጆችን የሚያስገድድባቸው አገሮች አሉ። ሲንጋፖር በ1995፣ ሕንድ በ2007 ባወጧቸው ሕጎች ራሳቸውን መደገፍ ያልቻሉ ወላጆች ከልጆቻቸው መጦሪያ በሕግ መጠየቅ ይችላሉ። ጀርመን ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ግዴታውን አላልታ፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው ከ100,000 ዩሮ የማይበልጥ ልጅ ለወላጁ የእንክብካቤ ወጪ በመንግሥት እንዳይጠየቅ አድርጋለች።

ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ የተሳሳተ ግምት የሚሰጥበት ነው። በጣም የተስፋፋው ስሕተት «የጤና መድን አላቸው» የሚለው ነው። የጤና መድን የሚከፍለው ለሕክምና ነው፤ ሰውን ማልበስና ማጠብ፣ ሕመሙ ምንም ያህል ቢከብድ፣ በብዙ የመድን ሥርዓቶች ሕክምና ተብሎ አይቆጠርም። አሜሪካ ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ናት። አረጋውያንን የሚሸፍነው ሜዲኬር ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። የሚከፍለው ቢያንስ ለሦስት ቀናት በሆስፒታል ተኝቶ ለታከመና የባለሙያ ክትትል ለሚያስፈልገው ሰው፣ በነርሲንግ ተቋም ውስጥ እስከ 100 ቀን ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከ20ኛው ቀን በኋላ ታካሚው የየቀኑን ድርሻ ይከፍላል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ በመዝገብ ግን «በምልከታ ላይ» ተብሎ የተያዘ ሰው እነዚያ ቀናት አይቆጠሩለትም፤ ቤተሰቡ ይህንን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ደረሰኙ ሲመጣ ነው።

ሌላው የአሜሪካ ፕሮግራም፣ ዝቅተኛ ገቢና ንብረት ላላቸው የሆነው ሜዲኬይድ፣ ለነርሲንግ ሆም ይከፍላል። በአሲስትድ ሊቪንግ ላይ ግን ብዙ ግዛቶች ከፌዴራል መንግሥት በሚያገኙት ልዩ ፈቃድ የእንክብካቤውን ክፍል ቢሸፍኑም የክፍሉን ኪራይና ምግቡን ከሜዲኬይድ መክፈል አይቻልም፤ በዚህ ፈቃድ ለሚሰጠው ድጋፍም በብዙ ቦታ ወረፋ አለ። አዛውንቱ ንብረታቸውን ለልጆቻቸው አስተላልፈው ድሀ ሆነው ቢያመለክቱ ደግሞ ሕጉ ባለፉት 60 ወራት የተሰጠውን ስጦታ ይመረምራል፣ ተገኝቶም ከሆነ ድጋፉን ለተወሰነ ጊዜ ያግዳል። ቤቱን ለልጅ በስም ማዛወር በብዙ ቤተሰብ እንደ ብልኀት ይታያል። ያለ ሕግ ባለሙያ ምክር ከተደረገ ግን አዛውንቱን ያለ ቤትም ያለ ድጋፍም ሊያስቀራቸው ይችላል።

ሌሎች አገሮች ጉዳዩን ራሱን የቻለ ማኅበራዊ መድን አድርገውታል። ጀርመን የእንክብካቤ መድንን በ1995 ጀመረች፤ ከ2017 ወዲህ የተገልጋዩ ፍላጎት በአምስት ደረጃ ይመደባል፣ መድኑም ለየደረጃው የተወሰነ መጠን ይከፍላል። ጃፓን በ2000 የጀመረችው መድን ዕድሜያቸው 40 ከሞላ ጀምሮ ሁሉም የሚያዋጡበት ሲሆን፣ ተገልጋዩ ከአገልግሎቱ ዋጋ 10 በመቶ፣ ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ 20 ወይም 30 በመቶ ይከፍላል። ደቡብ ኮርያ በ2008 ተከተለች፤ በዚያ የተገልጋዩ መደበኛ ድርሻ በተቋም 20፣ በቤት 15 በመቶ ነው። እንግሊዝ በተቃራኒው በንብረት መጠን ትለያለች፤ ከ2010 ጀምሮ ባለው አሠራር ንብረቱ ከ23,250 ፓውንድ የበለጠ ሰው በእንክብካቤ ተቋም ሲኖር ወጪውን ሙሉ በሙሉ ራሱ ይሸፍናል፣ የትዳር ጓደኛ የማይኖርበት ከሆነም ቤቱ በንብረትነት ይቆጠራል። አንድ ሰው በሕይወቱ ለእንክብካቤ ከሚከፍለው ላይ ጣሪያ እንዲደረግ በ2011 የቀረበው ሐሳብ በሕግ ከጸደቀ በኋላ ተደጋግሞ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2024 ተሰርዟል። ስኮትላንድ ግን ከ2002 ጀምሮ ለአረጋውያን የግል እንክብካቤን፣ ማለትም እንደ ማጠብና ማልበስ ያለውን እገዛ፣ በነጻ ትሰጣለች።

እነዚህ ሥርዓቶች እጅግ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ለጋሶቹም ቢሆኑ እንክብካቤውን እንጂ ማደሪያውንና ምግቡን በአጠቃላይ አይሸፍኑም። ጀርመን ውስጥ ክፍል፣ ምግብና የሕንፃው የኢንቨስትመንት ወጪ የነዋሪው ዕዳ ናቸው፤ ጃፓንም ከ2005 ጀምሮ የተቋም ነዋሪዎች ማደሪያና ምግባቸውን ራሳቸው እንዲከፍሉ አድርጋለች፣ አቅም ለሌላቸው ግን ቅናሽ አለ። ስኮትላንድም ብትሆን ነጻ ያደረገችው እንክብካቤውን ነው፤ የማደሪያው ክፍያ ግን እንደ ነዋሪው ንብረት መጠን ይለያያል። አሲስትድ ሊቪንግ ደግሞ በአብዛኛው ማደሪያና ምግብ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ የትም አገር ቢሆን ከመንግሥት ወይም ከመድን የሚገኘውን ድጋፍ ሲጠይቅ «ይሸፍናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ ከደረሰኙ ውስጥ የትኛው መስመር እንደሚሸፈን መጠየቅ አለበት።

የግል የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ያላቸው አረጋውያን ጥቂት ቢሆኑም፣ ልጆች የማያውቁት ውል በመሳቢያ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል መፈለግ ይገባል። በአሜሪካ ከ1996ቱ የጤና መድን ሕግ በኋላ በተሸጡ በርካታ ውሎች ክፍያ የሚጀምረው ሰውየው ከስድስቱ መሠረታዊ ተግባራት ሁለቱን ያለ እገዛ መሥራት ሲያቅተው፣ ወይም ከባድ የአእምሮ መዳከም ሲደርስበት ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ 90 ቀን የሚደርስ ከኪስ የሚከፈልበት የመጠበቂያ ጊዜ አለ። ውሉ የሚቀበለው ምን ዓይነት ፈቃድ ያለውን ተቋም እንደሆነ ሳይታይ መኖሪያ መምረጥ መድኑን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ይህንን መድን ገና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ታሪኩ ማስጠንቀቂያ ነው። ኩባንያዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውላቸውን የሚያቋርጡ ደንበኞች ይበዛሉ ብለው ዝቅተኛ ዓረቦን ተምነው ነበር፤ ደንበኞቹ ግን ውሉን ይዘው ቆዩ፣ ረጅም ዕድሜም ኖሩ፣ የወለድ መጠንም ወረደ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ገበያውን ለቀው ወጡ፣ የቀሩት የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ዓረቦን በተደጋጋሚ ከፍ አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የአዛውንቱ የራሳቸው ሀብት ነው፤ በብዙ ቤተሰብ ይህ ማለት ቤት ነው። ቤቱን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በቤቱ ላይ መበደር እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው። ማከራየት የሚያዋጣው ኪራዩ ጥገናንና ግብርን ችሎ ጉድለቱን የሚሞላ ከሆነና የሚያስተዳድረው ሰው ካለ ነው፤ ልጆች ቤቱን ከስሜት ብቻ ይዘው እናታቸውን ርካሽ ቦታ ሲያስገቡ ማየት ግን የተለመደ ነው። ባልና ሚስት በሕይወት ካሉና አንዱ ብቻ ወደ ተቋም የሚገቡ ከሆነ ስሌቱ ሁለት ቤተሰብ እንደ ማስተዳደር ይሆናል፤ እቤት የሚቀሩትን የትዳር ጓደኛ ሕግ ምን ያህል እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚበቃ በወር ተቆጥሮ መጻፍ አለበት፤ የሚያልቅበት ቀን ከታወቀ የመንግሥት ድጋፍን ማመልከቻ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት፣ ወይም ከመጀመሪያው ገንዘባቸው ላለቀባቸው ነዋሪዎች የመንግሥትን ክፍያ የሚቀበል ተቋም መምረጥ ይቻላል።

በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል የሚነሣው ጠብ አብዛኛው በእኔ ግምት ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከዝምታ የሚመጣ ነው። አንዱ በገንዘብ፣ ሌላዋ በጊዜ የሚያዋጡ ከሆነ ጊዜውም ዋጋ እንዳለው በግልጽ ተነግሮ መስማማት ያስፈልጋል። ወላጁን በየሳምንቱ የምትጠይቀው፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሰው፣ ከተቋሙ ጋር የምትከራከረው ልጅ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ናት፤ ገንዘብ ብቻ የሚልከው ወንድሟ የበለጠ ድርሻ እንዳለው ሲቆጠር ቂም ይያዛል።

በራስ ቤት ተንከባካቢ ቀጥሮ መኖርስ? ብዙ አረጋውያን የሚመርጡት ይህንን ነው፣ ምርጫቸውም ሊከበር ይገባል። በወጪ በኩል ግን የቤት ውስጥ እንክብካቤ በሰዓት ስለሚቆጠር እገዛው በጨመረ ቁጥር ክፍያው ያለ ገደብ ያድጋል፤ በተቋም ግን አንድ የሌሊት ሠራተኛ ብዙ ነዋሪዎችን ስለሚጠብቅ ወጪው ይከፋፈላል። በቀን ጥቂት ሰዓት የሚበቃቸው ሰው እቤታቸው መኖራቸው ርካሽ ነው፤ ሌሊትም ሰው የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ ሚዛኑ ይገለበጣል። በተቋምና በቤት መካከል የሚደረገው ንጽጽር ፍትሐዊ የሚሆነው የቤቱ ግብር፣ ጥገና፣ ምግብና መብራት በቤቱ በኩል ሲደመር ብቻ ነው።

ስለ ጉብኝት ብዙ ይባላል፤ አጭር አድርገን እንለፈው። በቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት ሕንፃውን ያሳያል፣ ቅዳሜ ምሽት ወይም በራት ሰዓት ሳይነገር የሚደረግ ጉብኝት ሠራተኞቹን ያሳያል። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት ነዋሪ እንዳለ፣ ኃላፊዋ ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ባለፈው ዓመት ስንት ተንከባካቢ እንደለቀቀ መጠየቅ ከመጋረጃው ቀለም ይበልጣል። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የፍተሻ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት አገር ሁሉ መነበብ አለበት። የባለቤትነቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ሳውዘርን ክሮስ የተባለው ትልቁ የአረጋውያን ተቋማት ኩባንያ ሕንፃዎቹን ሸጦ መልሶ በኪራይ ይጠቀምባቸው ነበር፤ የኪራዩን ዕድገት መሸከም አቅቶት በ2011 ሲፈርስ በሥሩ 31,000 ገደማ ነዋሪዎች ነበሩ፣ ተቋማቱም ወደ ሌሎች አስተዳዳሪዎች ተላለፉ።

ከአዛውንቱ ጋር የሚደረገው ንግግር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሊሆን አይገባም። አእምሯቸው ደህና የሆነ ሰው የሚኖሩበትን የመወሰን መብት አላቸው፤ ልጆች ተስማምተው ጨርሰው ለማሳወቅ ብቻ ቢመጡ የሚያገኙት እምቢታ ስለ መኖሪያው ሳይሆን ስለ መናቅ ነው። በሕግ በኩልም ጊዜው ወሳኝ ነው። የገንዘብና የጤና ውክልና ሊሰጡ የሚችሉት የሚፈርሙትን በሚረዱበት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመርሳት በሽታው ከጠና በኋላ ቤተሰቡ በአዛውንቱ ሂሳብ ለመክፈል እንኳ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ለማሾም ይገደዳል፣ ይህም ወራትና ገንዘብ ይፈጃል።

ቸኩሎ ላለመወሰን የሚረዳ አንድ አማራጭ አለ። ብዙ ተቋማት ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ጊዜያዊ ማረፊያ ይሰጣሉ፤ የቀን ሂሳቡ ከመደበኛው ሊወደድ ይችላል፣ ነገር ግን ከሆስፒታል በቀጥታ የሚወጡትን አዛውንት ተቀብሎ ለቤተሰቡ ጊዜ ይገዛል። በእነዚያ ሳምንታት አዛውንቱ ምግቡን፣ ጎረቤቶቹንና ሌሊቱን ያያሉ፤ ሠራተኞቹም እርሳቸውን ያውቋቸዋል፣ ከስብራቱ ወይም ከስትሮኩ ምን ያህል እንደሚያገግሙም መታየት ይጀምራል። ቋሚውን ውል ከመፈረም በፊት የእንክብካቤ ግምገማው በዚህ ጊዜ ማብቂያ ላይ እንደገና እንዲደረግና ደረጃውም ከሆስፒታል አልጋ ላይ በተወሰደው ሳይሆን በአዲሱ ግምገማ እንዲተመን መጠየቅ ይቻላል።